ፍል ውሃው ለሁሉም፣ ገንዘቡ ውል ለያዘ

ፍል ውሃ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ገላ መታጠቢያው፣ ወደ ሶደሬና ወደ ወንዶ ገነት ነው። ፍል ውሃ ያለው አገር ከዚህ ሀብቱ የሚያገኘው ጥቅምም ከመታጠቢያ ክፍያ፣ ከሆቴልና ከእንፋሎት ከሚመነጭ ኤሌክትሪክ የሚያልፍ አይመስልም። በዓለም የባዮቴክኖሎጂ ገበያ ግን ከአንድ ፍል ውሃ የተቀዳ ጥቂት ናሙና በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ንግድ አስነስቷል። የፍል ውሃው ባለቤት ከዚያ ንግድ ድርሻ አላገኘም።

ያ ታሪክ የአንድ ባክቴሪያ ታሪክ ነበር። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ተመራማሪዎችና ኩባንያዎች በፍል ውሃ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን በሚያጠቁ ቫይረሶች ላይ ትኩረት አድርገዋል። የሚፈልጉት ቫይረሶቹን ሳይሆን ቫይረሶቹ የሚሠሩባቸውን ሙቀት የማይበግራቸው ኢንዛይሞች ነው። ገበያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ፍል ውሃ ላላቸው አገሮች ሁሉ የሚጠቅም ጉዳይ ነው፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ናት።

ኢንዛይም በሥራ ላይ

ኢንዛይም ማለት ሕይወት ባለው ነገር ውስጥ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ጠላ የሚጠምቁ ሴቶች ብቅል የሚጨምሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በብቅሉ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል። ኢንዱስትሪውም በዚሁ ዘዴ ይጠቀማል። በልብስ ሳሙና፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በቆዳ ማልፋት፣ በስታርችና በወረቀት ፋብሪካዎች ኢንዛይም በብዛት ይገዛል። አነስ ባለ መጠን ግን በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጠው ደግሞ በሕክምና ላቦራቶሪዎችና በምርምር ተቋማት የሚፈለገው ነው።

የኢንዛይም ትልቁ ድክመት ሙቀትን አለመቻሉ ነው። እንቁላል ሲቀቀል ፈሳሹ ነጭ ክፍል ጠጥሮ ወደ ቀድሞው እንደማይመለስ ሁሉ፣ ተራ ኢንዛይምም ሲሞቅ ቅርጹ ይበላሽና ሥራውን ያቆማል። ፋብሪካውና ላቦራቶሪው ግን ሙቀትን ይፈልጋሉ። በሙቀት ሥራው ይፈጥናል፤ ምርቱን የሚያበላሹ ጀርሞችም አይራቡም። በመሆኑም ሙቀት የሚችል ኢንዛይም ሲገኝ ገዢ አያጣም። እንዲህ ያለውን ለማግኘት ደግሞ ተፈጥሮ ራሷ በፈላ ውሃ ውስጥ ሕይወትን ወደምታኖርበት ሥፍራ መሄድ ያስፈልጋል።

ሠላሳ አምስት ዶላርና ሦስት መቶ ሚሊዮን ዶላር

እ.ኤ.አ. በ1966 ቶማስ ብሮክ የተባሉ አሜሪካዊ የማይክሮባዮሎጂ ምሁር ከተማሪያቸው ከሃድሰን ፍሪዝ ጋር ሆነው በአሜሪካ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ከሚገኝ ፍል ውሃ ናሙና ወሰዱ። ከናሙናው ያገኙትንና ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚራባውን ባክቴሪያ ቴርመስ አኳቲከስ ብለው ሰየሙት። ማንም ተመራማሪ ሊጠቀምበት እንዲችልም በአሜሪካ የሕዋሳት ማከማቻ አስቀመጡት። እ.ኤ.አ. በ1976 ሌሎች ተመራማሪዎች ከዚሁ ባክቴሪያ ዲኤንኤን የሚገለብጥ ኢንዛይም ለይተው አወጡ። ኢንዛይሙ በኋላ ታክ ፖሊሜሬዝ በሚል ስም ታወቀ።

የኢንዛይሙ የገበያ ዋጋ የታወቀው ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲተስ በተባለ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ካሪ መሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 ፒሲአር የተባለውን ዲኤንኤን የማባዛት ዘዴ ካሰቡ በኋላ ነበር። ዘዴው ሲያዩት ቀላል ነው። ዲኤንኤ ሁለት ክር የተጠማዘዘበት ገመድ ነው። እስከ 95 ዲግሪ ሲሞቅ ክሮቹ ይላቀቃሉ፤ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ኢንዛይሙ ለእያንዳንዱ ክር አዲስ ጓደኛ ይሠራለታል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ ሠላሳ ጊዜ ሲደጋገም አንድ ቅጂ ከቢሊዮን በላይ ይሆናል። በሰው ደም ውስጥ የተደበቀች የጀርም ምልክት ተባዝታ የምትታየው በዚህ መንገድ ነው።

ችግሩ መጀመሪያ ላይ ይሠራበት የነበረው ኢንዛይም በእያንዳንዱ የማሞቂያ ዙር እየተበላሸ፣ በየዙሩ አዲስ መጨመር ማስፈለጉ ነበር። ታክ ፖሊሜሬዝ ሲመጣ ሥራው ከስሩ ተለወጠ። ኢንዛይሙ አንዴ ከገባ እስከ መጨረሻው ዙር ይሠራል፤ በመሆኑም የሰው እጅ ሳይነካው ሙሉውን ሥራ የሚጨርስ ማሽን መሥራት ተቻለ።

ሲተስ ባክቴሪያውን ከማከማቻው ያገኘው 35 ዶላር ብቻ ከፍሎ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1991 የስዊዘርላንዱ ሆፍማን ላ ሮሽ የፒሲአርን መብት የገዛው በ300 ሚሊዮን ዶላር ነው። መሊስ ከኩባንያቸው 10 ሺህ ዶላር ጉርሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኙ። ብሮክ ባክቴሪያውን ለሳይንስ በነጻ ሰጥተዋል። የፓርኩ ባለቤት የሆነው የአሜሪካ መንግሥት ግን ናሙናው ሲወሰድ ስለ ንግድ የሚናገር ውል ስላልነበረው የሮያሊቲ ድርሻ አላገኘም።

ለምን ቫይረስ?

ቫይረስ በራሱ ሊኖር አይችልም። ወደ ሌላ ሕዋስ ይገባና የዘር ቅጂውን እዚያ ያባዛል። ለዚህም መገልበጫ፣ መቁረጫና መቀጠያ የሚሆኑ ኢንዛይሞች የሚሠሩበትን መመሪያ በዘሩ ውስጥ ይዞ ይዞራል። እንደ ተጓዥ አናጢ ነው፤ ቤቱ የሌላ ሰው ቢሆንም መጋዙና መዶሻው የራሱ ነው።

የላቦራቶሪው ዓለም ይህን ከተረዳ ቆይቷል። የዲኤንኤ ቁራጮችን ለመቀጠል በየላቦራቶሪው የሚገኘው ላይጌዝ የመጣው ቲ4 ከተባለ ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ለኮቪድ 19 የተሠሩት የኤምአርኤንኤ ክትባቶች የተመረቱት ቲ7 በተባለ ሌላ ቫይረስ ኢንዛይም አማካይነት ነው። አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚለውጠው ኢንዛይምም መጀመሪያ የተገኘው ከቫይረሶች ነው። ሆኖም የቲ4 እና የቲ7 አስተናጋጅ በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ በመሆኑ መሣሪያዎቻቸው የሚስማማቸው ሙቀት ከሰው ገላ ሙቀት የራቀ አይደለም።

በፍል ውሃ ውስጥ ያለው ቫይረስ ግን ከ70 እስከ 90 ዲግሪና ከዚያም በላይ በሆነ ሙቀት ነው የሚሠራው። የቫይረስን ልዩ ሙያና የፍል ውሃን ጽናት በአንድ ኢንዛይም ላይ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። ኩባንያዎቹን የሳበውም ይኸው ነው።

ቫይረስ የሚለው ቃል የሚያስደነግጠው ሰው ሊኖር ይችላል። እነዚህ ቫይረሶች የሚያጠቁት በፍል ውሃ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳትን ነው እንጂ ሰውን አይደለም። በገበያ በሚሸጠው ኢንዛይም ውስጥም ቫይረስ የለም። የኢንዛይሙ መመሪያ ብቻ ተወስዶ በቀላሉ በሚረባ የላቦራቶሪ ባክቴሪያ ውስጥ ይገባል፤ ባክቴሪያውም በጋን ውስጥ እንደ እርሾ እየተባዛ ኢንዛይሙን ያመርታል።

ከምንጩ እስከ ጠርሙሱ

ቀደም ሲል አንድ የፍል ውሃ ቫይረስ ለማጥናት በመጀመሪያ የሚያጠቃውን ሕዋስ ላቦራቶሪ ውስጥ ማርባት ያስፈልግ ነበር። አብዛኞቹ የፍል ውሃ ሕዋሳት ደግሞ ከምንጫቸው ወጥተው አይረቡም። አሁን የሚሠራበት መንገድ ይህን ችግር ይዘለዋል። በመቶ የሚቆጠር ሊትር ውሃ ይጣራል፤ ሕዋሳቱ ይቀሩና ከእነሱ የሚያንሱት ቫይረሶች ያልፋሉ። ቫይረሶቹ ተሰብስበው ዲኤንኤያቸው ይወጣል፤ ከዚያም በጅምላ ይነበባል። ኮምፒዩተር ከተነበቡት ፊደላት መካከል የኢንዛይም መመሪያ የሚመስሉትን ይለያል። ተመራማሪዎቹ እነዚያን አንድ በአንድ አስመርተው በሙቀት ይፈትኗቸዋል።

ከሚፈተኑት ብዙዎቹ ይወድቃሉ። አንዳንዱ አይመረትም፤ አንዳንዱ ተመርቶ አይሠራም፤ የሚሠራውም ቢሆን ገበያ ላይ ካለው የማይሻል ይሆናል። ወጪው ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚሳካለት ግን ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ሁለት ምሳሌዎች ያሳያሉ።

የመጀመሪያው ከአይስላንድ ነው። የዚያች አገር ተመራማሪዎች ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ቲኤስ 2126 ከተባለ ቫይረስ ያገኙትን ላይጌዝ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ አደረጉ። ኢንዛይሙ ነጠላ የዲኤንኤ ክርን ጫፍና ጫፉን ገጥሞ ቀለበት ያደርገዋል፤ የሚሠራውም በ60 ዲግሪ ገደማ ነው። ሰርክላይጌዝ በሚል የንግድ ስም ቀርቦ ዘርን በማንበብ ሥራ ላይ የሚውል የታወቀ ዕቃ ሆኗል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የአውሮፓ ኅብረት ቫይረስ ኤክስ በተባለና በአይስላንድ ተቋም አስተባባሪነት በተካሄደ ፕሮጀክት ከፍል ውሃና ከሌሎች አስቸጋሪ ሥፍራዎች ቫይረሶች አዳዲስ ኢንዛይሞች እንዲፈለጉ ገንዘብ መድቧል።

ሁለተኛው ከዚያው ከየሎውስቶን ነው። ሉሲጀን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ከሁለት የፓርኩ ፍል ውሃዎች የሰበሰቡትን የቫይረስ ዲኤንኤ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 አሳተሙ። ከአንዱ ምንጭ የተገኘውና ፓይሮፌጅ 3173 የተባለው ኢንዛይም ብርቅ ጠባይ አለው፤ ዲኤንኤን ይገለብጣል፣ አርኤንኤንም ወደ ዲኤንኤ ይለውጣል። እንደ ኮቪድ 19 ያለ የአርኤንኤ ቫይረስን በፒሲአር ለመመርመር በተለመደው አሠራር ሁለት ኢንዛይሞች ያስፈልጋሉ። ይህኛው ሁለቱን ሥራ ብቻውን ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ ኢንዛይሙ ላምፕ ለተባለው የምርመራ ዘዴ እንደሚያገለግል አሳይቷል። ላምፕ እ.ኤ.አ. በ2000 በጃፓን የተዋወቀ ሲሆን ሙቀቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ውድ ማሽን አይፈልግም፤ አንድ ዓይነት ሙቀት የሚሰጥ ማሞቂያ ይበቃዋል። ኢንዛይሙም ደርቆ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ሊቀመጥ በሚችል መልክ ተዘጋጅቶ ተፈትኗል። ይህ መብራት በሚቆራረጥበትና ማቀዝቀዣ በሌለበት የገጠር ጤና ጣቢያ ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ገበያው የሚያታልለው የት ላይ ነው?

ከዚህ ተነስቶ ፍል ውሃ ያለው ሁሉ ሀብታም ይሆናል ብሎ መደምደም ስህተት ነው። የኢንዛይም ዋጋ በፓተንት ዕድሜ የታሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት የታክ ፖሊሜሬዝ አንዱ ፓተንት ተፈጻሚ ሊሆን አይገባም ብሎ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ መሠረታዊዎቹ የፒሲአር ፓተንቶች በአሜሪካ ዕድሜያቸው አበቃ። ዛሬ ታክ ፖሊሜሬዝ ብዙ ኩባንያዎች የሚያመርቱት ተራ የላቦራቶሪ ዕቃ ሆኗል።

ሁለተኛው ተወዳዳሪ ሰው ሠራሽ ማሻሻያ ነው። ኩባንያዎች የቲ7ን ኢንዛይም የመሰሉ ነባር ፕሮቲኖችን እየቀየሩ ከቀድሞው የበለጠ ሙቀት እንዲችሉ ማድረግ ችለዋል። ተፈጥሮ የሠራችው ከእነዚህ ጋር ተወዳድሮ ማሸነፍ ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ ሞቃት ሥፍራ ሁሉ ሕይወት አለው ማለት አይደለም። በአፋር ዳሎል ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ጨዋማነትና አሲድ እጅግ በበረቱባቸው ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት እንዳላገኙ ገልጸዋል። ሕይወት ከሌለ ደግሞ ቫይረስ የለም።

ስለዚህ የፍል ውሃው ባለቤት ሊሸጥ የሚችለው የተረጋገጠ ሀብት ሳይሆን ዕድል ነው። ዕድልን የሚሸጥ ሰው ዋጋውን የሚቆርጠው ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ነው። ውሉ ላይ የሚደረስበት ምክንያት ይህ ነው።

ውል ሲኖርና ሳይኖር

የሎውስቶን ከታክ ትምህርት ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1997 ፓርኩ ዳይቨርሳ ከተባለ ኩባንያ ጋር ባደረገው ስምምነት ኩባንያው በአምስት ዓመት 100 ሺህ ዶላርና ወደፊት ከሚሸጠው ምርት ድርሻ ለመክፈል ተስማማ። ስምምነቱን የተቃወሙ ወገኖች ክስ መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፍርድ ቤቱ የአካባቢ ተጽዕኖ እስኪጠና ስምምነቱ እንዲቆም አዘዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ግን ስምምነቱ ሕጋዊ ነው ብሎ ክሱን ዘጋ።

በምሥራቅ አፍሪካም ተመሳሳይ ጉዳይ ተነስቷል። ከኬንያ ሶዳ ሐይቆች ከተገኙ ሕዋሳት የመጡ ኢንዛይሞች በጨርቃ ጨርቅና በሳሙና ሥራ ላይ ውለው ነበርና የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2004 የድርሻ ጥያቄ አቀረበ። ውዝግቡም የዓለምን ጋዜጦች አነጋገረ። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ከዴንማርኩ ኖቮዛይምስ ጋር ስለ ጥቃቅን ሕዋሳት ምርምር የአምስት ዓመት ስምምነት ሲፈርም ግን ድርድሩ የተካሄደው በቅድሚያ ነበር።

ዓለም አቀፉ ሕግም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራ ላይ የዋለው የብዝሀ ሕይወት ስምምነት መንግሥታት በተፈጥሮ ሀብታቸው ላይ ሉዓላዊ መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል ደግሞ የዘር ሀብት ከመወሰዱ በፊት የባለቤቱ አገር ፈቃድና የጥቅም ክፍፍል ውል እንዲኖር ያዛል።

የፍል ውሃ ቫይረሶች ጉዳይ ይህን ሕግ የሚፈትነው በአንድ ነጥብ ነው። ሕጉ ሲጻፍ የታሰበው በጠርሙስ ተይዞ ድንበር የሚሻገር ናሙና ነበር። ቫይረሱ ግን አንዴ ከተነበበ በኋላ ናሙናው አያስፈልግም። የተነበቡት ፊደላት በኮምፒዩተር መዝገብ ላይ ይውላሉ፤ በሌላ አህጉር ያለ ኩባንያ ከዚያ ይወስዳቸውና ጂኑን በኬሚካል አሠርቶ ኢንዛይሙን ያመርታል። የጉምሩክ ሠራተኛ የሚፈትሸው ሻንጣ፣ የኬላ ዘበኛ የሚያስቆመው መኪና የለም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የካሊ ፈንድ የተባለ ዓለም አቀፍ ገንዘብ ሮም ላይ ሥራ ጀምሯል። ከተነበቡ የዘር መረጃዎች የሚጠቀሙ ትልልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ ይጠበቃል። ይጠበቃል እንጂ የሚያስገድዳቸው ዓለም አቀፍ አካል የለም። በመሆኑም ለአንድ አገር አስተማማኙ መከላከያ አሁንም ናሙናው ከመቀዳቱ በፊት የሚፈረመው ውል ነው።

የኢትዮጵያ መዳፍ ላይ ያለው

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ መሆኑን ደንግጎ ያለ ፈቃድ መውሰድን ይከለክላል። ከቅድሚያ ክፍያ እስከ ሮያሊቲ፣ ከሥልጠና እስከ ጋራ የፓተንት ባለቤትነት ሊጠየቁ የሚችሉ ጥቅሞችን ይዘረዝራል። ፈቃዱን የሚሰጠው የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከስምጥ ሸለቆ ሶዳ ሐይቆች ሕዋሳት የሚገኙ ኢንዛይሞችን ማጥናት ከጀመሩ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል።

ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ የጤፍ ጉዳይ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የተፈረመው የጤፍ ስምምነት በወረቀት ላይ ጥሩ የሚባል ነበር። ኩባንያው ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ በሌሎች እጅ ቆየ፤ ኢትዮጵያ ያገኘችውም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በኔዘርላንድ የተመዘገበው ፓተንት የወደቀው ከዓመታት በኋላ በሄግ ፍርድ ቤት ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ውሉ የሚመጣውን ኩባንያ ብቻ ሳይሆን መብቱን ከእሱ የሚረከበውንም ሁሉ ማሰር እንዳለበት ነው።

በፍል ውሃ ቫይረሶች ላይ ሦስት ነገር ይጨመራል። አንደኛ፣ ውሉ ከውሃው ሌላ የተነበቡትን ፊደላትና ከእነሱ የሚሠራውን ሁሉ መጥቀስ አለበት። ሁለተኛ፣ የናሙናው ግማሽ በአገር ውስጥ ላቦራቶሪ መቅረት አለበት፤ አለበለዚያ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ አይኖርም። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ የሚመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ምናልባትም ጨርሶ ላይመጣ ስለሚችል፣ ሥልጠናና የላቦራቶሪ መሣሪያ በቅድሚያ መጠየቅ ይገባል። ኢንዛይሙ ባይሸጥ እንኳ የሠለጠነው ሰው ይቀራል።

በአንድ ሻይ ቤት ለሚቀርብ ጠርሙስ ውሃ ዋጋ የሚጠየቀው ከመከፈቱ በፊት ነው። ለፍል ውሃው ናሙናም እንዲሁ ነው። ውሃው ተቀድቶ፣ ተነብቦ፣ ፓተንቱ ከተመዘገበ በኋላ የሚነሳ የድርሻ ጥያቄ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው።